የሾተላይ መርፌ

እኔ ባገባሁበት ዘመን «ኔጌቲቭ» የሚለው ቃል የምሥራች ነበር። ሙሽሮች ከሠርጋቸው በፊት ለኤች አይ ቪ ተመርምረው ውጤቱን ለንስሐ አባታቸው ያሳዩ ነበር፤ ያለዚያ ጋብቻው አይባረክም። እንግሊዝኛ በዞረበት ያልዞረ ገበሬ እንኳ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ያውቅ ነበር። ኔጌቲቭ ማለት ትኖራለህ፣ ፖዘቲቭ ማለት አትኖርም። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ኔጌቲቭ ወጣን። አባቴ በቡሬ ገጠር ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ኔጌቲቭ ሆናለች» እያለ ሲያወራ ሰነበተ፤ የሰማው ሰው ሹመት ያገኘሁ ሊመስለው ይችል ነበር።

ስለዚህ ባረገዝሁበት ዓመት የሆነውን ሁሉ ከዚህ ቃል ጀምሬ ነው የማስታውሰው። ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ባለቤቴ የሒሳብ መምህር ነው። ኪራይ ቤት ውስጥ እንኖር ነበር፤ ቤቱ ከግድግዳው እስከ ቋሚው ምስጥ የበላው ስለነበረ ማታ ማታ ሲቆረጥም ይሰማናል።

ለነፍሰ ጡር ክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ደሜን ወሰደች። በሌላ ቀን ደግሞ የባለቤቴን ደም አስመረመረች። ውጤቱን በምቀበልበት ዕለት አባቴ በርበሬ ሊሸጥ ከቡሬ መጥቶ ነበርና አብሮኝ ሄደ። እናቴ አብራኝ ብትሄድ ደግ ነበር፤ እሷ ግን ካረገዝሁ ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እደርስበታለሁ።

አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከእርጉዞቹ መካከል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ነርሷ በሩን ከፍታ ስሜን ጠራች፤ ገና ሳልነሳ እዚያው ሰው ሁሉ ፊት ጀመረችው።

«አንቺ ኔጌቲቭ ነሽ። ባለቤትሽ ፖዘቲቭ ነው። ይኼ ለልጁ ያሰጋልና ግቢ እንነጋገር።»

ገባሁ፤ በሩ ተዘጋ። ውስጥ የነገረችኝን አባቴ አልሰማም። በሰው ደም ውስጥ አር ኤች የሚሉት ነገር አለ አለችኝ፤ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል፤ በሽታ አይደለም፣ ከኤድስም ጋር ዝምድና የለውም። ነገሩ የሚመጣው እናትየዋ ይኸ ነገር ሳይኖራት ልጁ ከአባቱ ሲወርሰው ነው። በወሊድ ጊዜ የልጁ ደም ወደ እናትየዋ ሾልኮ ይገባል፤ ያን ጊዜ የእናትየዋ ደም እንግዳውን እንደ ጠላት ያየዋል፤ ቂም ይይዛል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በሰላም ይወለዳል። ቂሙ የሚወጣው ከኋላ በሚመጡት ላይ ነው። እነዚያ በሆድ ሳሉ ይሞታሉ፤ ቢወለዱም ቢጫ ሆነው ሳይሰነብቱ ይሄዳሉ። መድኃኒቱ አንድ መርፌ ነው፤ ከወለድሁ በኋላ ሦስት ቀን ሳያልፍ ከተወጋሁት ደሜ ቂም ሳይዝ ይቀራል። መርፌው ግን ከባሕር ዳር ካልሆነ አይገኝም።

ስወጣ አባቴ ቆሞ ጠበቀኝ። ቤት ድረስ አብሮኝ መጣ፤ ምሳ ብላ ስለው እንቢ አለ፣ ጠላ ስቀዳለት ጾም ነው አለ። ጾም አልነበረም። ደጃፍ ላይ እንደቆመ ግንባሬን ሳመኝና በዚያው ወደ ቡሬ ተመለሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ የመውለጃዬ ወራት ቀርቧል ብለው ከጅጋ ቅቤ ተሸክመው መጥተው እኛ ዘንድ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ስለ አረም ተጠየቀ፣ ስለ ዝናብ ተጠየቀ፣ የከብቱ ጤንነት ተጠየቀ። የቀረበላቸውን ግን የነካ የለም። ከዚያ ታላቅየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኛ የመጣነ ለክፉ አይደለም» አሉ ወደ ባለቤቴ ዞረው። «ንጹሕ እህል ነው ያስገባነ። ጎተራው ግን ምስጥ አለበት ብለው ነገሩነ።»

ባለቤቴ በሒሳብ እንጂ በቅኔ አልታደለም። «ልክ ናችሁ አባቶቼ» አላቸው። «እኔም ለአከራዩ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። በዚህ ወር ካላሳደሰው እንለቃለን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ታላቅየው እንደገና ሞከሩ። «የቤቱን ምስጥ አላልነህም ልጄ። ሰው ላይ የሚወጣ ምስጥ አለ፤ ውስጥ ውስጡን የሚበላ።»

«ልጄን ምን አደረጋችሁት?» አሉ አማቴ። «በግልጥ ተናገሩ እንጅ፤ እኔ የጅጋ ገበሬ ነኝ፣ ሰምና ወርቅ አልለይም።»

አባቴ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለም። «ፖዘቲቭ ነው» አለ። «ተነርሷ አፍ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷ ኔጌቲቭ፣ እሱ ፖዘቲቭ። ልጄን ሳይበክልብኝ ይዣት እሄዳለሁ።»

አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ባለቤቴ ሳቀ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አለቦታው ስቆ አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁን የሚሞት ሰው ሳቅ አድርገው ነው የቆጠሩት። እኔ ተነሥቼ መናገር ጀመርሁ። በአገራችን ሙሽራ በሽማግሌ ፊት አፍ አትከፍትም፤ ግን ዝም ብል ትዳሬ በአንድ ቃል መፍረሱ ነው። የኤድስ አይደለም፣ የደም ዓይነት ነው አልኋቸው። የእኔ ደም ከልጁ ደም ጋር ላይስማማ ይችላል፤ የመጀመሪያው ልጅ ያመልጣል፣ ከእሱ በኋላ ያሉት ናቸው የሚያሰጉ አልኋቸው። አስተማሪ ካገባሁ ወዲህ ነገር ማስረዳት የምችል ይመስለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተነፈሱ። አባቴም ጋቢውን ከትከሻው ዝቅ አደረገ። አማቴ ግን አፋቸው ላይ የነበረውን እጅ ቀስ አድርገው አወረዱና አተኩረው ያዩኝ ጀመር።

«የፊተኛው ያመልጣል፣ የኋለኞቹ ይሞታሉ ነው የምትይኝ?»

«መርፌ ካልተወጋሁ፣ አዎ።»

«ይኸማ ሾተላይ ነው» አሉ።

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸ ነው። ፖዘቲቭ የባለቤቴ ነውር ነበር፤ ሾተላይ ደግሞ የእኔ ሆነ። ሾተላይ በእኛ አገር ስሙ በአደባባይ አይጠራም። ከሴት ጋር የሚኖር፣ የወለደችውን የሚወስድባት መንፈስ ነው ይባላል። ያለባት ሴት ወደ እርጉዝ አትጠጋም፤ አራስ አትጠይቅም፤ የሚጠባ ሕፃን አታቅፍም፤ ጥላዋ ያረፈበት ይደርቃል ይላሉ። ባል ሾተላይ ያለባትን ሚስት ቢፈታ የሚወቅሰው የለም።

እናቴ ሾተላይ አለባት ትባል ነበር። በኩሯ ወንድ ልጅ በሰላም ተወልዶ፣ ካደገ በኋላ ወባ ገደለው። ከእሱ በኋላ የወለደቻቸው ዓይናቸው ሳይቀር ቢጫ እየሆነ ሞቱባት። በመካከል እኔ ተረፍሁ፤ ከእኔ በኋላ ያሉትም እንደ ፊተኞቹ ሆኑ። እኔ የተረፍሁት በስሜ ነው ይባላል። ሾተላይ እንዲጸየፈኝ ተብሎ የወጣልኝን ስም ትምህርት ቤት ስገባ መምህሩ መዝገብ ላይ ለመጻፍ አፍሮ ቀየረው። እናቴ ግን እስከ ዛሬ በቀድሞው ነው የምትጠራኝ፤ አዲሱን ስም ሾተላይ ይሰማዋል ብላ ትፈራለች።

አማቴ ወደ አባቴ ዞሩ። «ይኸ ነገር ቤታችሁ እንዳለ፣ ሽማግሌ ስንልክ ለምን አልተነገረነም?»

አባቴ ጋቢውን መልሶ ተከናነበ። ሽማግሌዎቹም ድንገት እንጀራው ትዝ አላቸውና መብላት ጀመሩ። ነገሩ ከእህልና ከጎተራ ወጥቶ የሴት ጓዳ ገብቷል፤ እነሱን አያገባቸውም። አባቴ ልጁን ሊወስድ መጥቶ፣ ልጁን እንዳይመልሱበት እየለመነ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አሳዝኖኝ አያውቅም።

አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም። ፍቺ የሚለውን ቃል አላነሡም። ባለቤቴ ወረቀት አምጥቶ ስለ ደም ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ ኔጌቲቭና ፖዘቲቭ ሲባዙ ውጤቱ ምን እንደሆነ ሲነግራቸው ማባዛቱን አቋርጠው አንድ ነገር ብቻ ፈረዱ።

«መርፌውን ትወጋ። እናቷ ግን እንዳትደርስባት። ስትገላገልም፣ ስትታረስም፣ ልጁ እስኪጠመቅም። እኔ የምፈልግ የልጅ ልጅ ነው፤ የማንንም እናት ላሳዝን ብዬ አይደለም።»

በእኛ አገር የመጀመሪያ ልጅ የሚወለድ በእናት ቤት ነው። ሴት ልጅ ሆዷ ሲገፋ ወደ እናቷ ትሄዳለች፤ እናቷ ታርሳታለች። የአማቴን ፍርድ ለእናቴ ማን እንደሚነግራት ስጨነቅ፣ እሷ አስቀድማ ላከችብኝ። «ወደኔ እንዳትመጭ» የሚል መልእክት ነበር። ሁለቱ ሴቶች ሳይገናኙ ተስማምተው ነበር። በዚህ ተናደድሁ፤ በማን እንደተናደድሁ ግን አላውቅም።

ባለቤቴ ባሕር ዳር ሄዶ መርፌውን በበረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ይዞ መጣ። መኪና ውስጥ የተቀመጠች ሴት ሻይ ነው ብላ ቅዳልኝ አለችኝ እያለ ሲያስቅ ነበር። መድኃኒቱ ከቀዝቃዛ ቦታ መውጣት የለበትም፤ እኛ ማቀዝቀዣ የለንም። መጨረሻ ላይ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት የሆነ ቡና ቤት ከቢራዎቹ ኋላ አስቀመጠልን። ባለቤቴ በየማታው ሊያየው ይሄድ ነበር። የሒሳብ መምህሩ መጠጣት ጀመረ የሚል ወሬ የተነሣው ያን ጊዜ ነው፤ እሱም ባዶ እጁን አይቶ መመለስ ነውር ስለሆነ አንዳንድ ይጠጣ ነበር።

ሆስፒታል ወለድሁ። ሴት ናት። ደሟ ተመርምሮ እንደ አባቷ ፖዘቲቭ ሆነ፤ ባለቤቴ ሮጦ ፔርሙዙን አመጣ፤ ተወጋሁ። ያቺው ጤና ጣቢያ የምታየኝ ነርስ ሆስፒታል ተዛውራ ነበርና የወጋችኝ እሷ ናት። «አበቃ» አለችኝ ጥጡን እየጫነች። ሽማግሌዎቹ ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደኅና እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ጊዜ ነው።

ስነቃ በመስኮት በኩል እናቴን አየኋት። ከቡሬ በኢሱዙ ተጭና መጥታ ከግቢው አጥር ጋር ተጠግታ ቆማለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባለች፤ ዓይኗ ሕፃኗ ላይ እንዳያርፍ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራለች። አማቴም አይተዋታል። ከአልጋዬ አጠገብ ተነሥተው መስኮቱ ላይ ሻሽ ጋረዱ።

ነርሷን ለመንኋት። ሂጅና ንገሪልኝ፣ መንፈስ አይደለም፣ ደም ነው በያት አልኋት። ነርሷ ወጣች። ሻሹን ትንሽ ገለጥ አድርጌ ማየት ብቻ ሳይሆን መስማትም እችል ነበር፤ መስኮቱ መስተዋት አልነበረውም።

ነርሷ ለእኔ እንዳስረዳችኝ አስረዳቻት። ልጆችዎን የወሰደብዎ ደም ነው፣ የእርስዎ ጥፋት የለበትም አለቻት። እናቴ አላቋረጠቻትም። ሲያልቅ፣

«እሷስ?» አለች። «እሷ ለምን ተረፈች?»

«የእሷ ደም እንደ እርስዎ ነው። ኔጌቲቭ ናት። እርስ በርስ አልተጣላችሁም።»

እናቴ ይኸን ስትሰማ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ያን አስቀያሚ ስሜን አሰብሁት። ለካ ስሙ ምንም አልሠራም። ለመሳቅ ፈልጌ አለቀስሁ።

«ያን መርፌ» አለች እናቴ፣ «እኔንም ውጊኝ።»

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ አሁን አይወልዱም።»

«ለመውለድ አይደለም። እንዲነሳልኝ ነው። እንድገባ።»

ነርሷ ጥሩ ሴት ናት፤ ሥራዋንም ታውቃለች። የመለሰችው ግን ልክ ለሐኪም እንደሚመለስ ነው። መርፌው ቂም ሳይያዝ በፊት ነው የሚሠራ፤ አንዴ ከተያዘ በኋላ አይሠራም። ይኸን ሁሉ አሳጥራ፣

«የእርስዎ በመርፌ የሚነሳ አይደለም» አለቻት።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። ለእኔ ያመጣችውን አጥሚት ከነዕቃው አጥሩ ሥር አስቀምጣ፣ ፊቷን ሳታዞር ወደ መኪና መናኸሪያው ሄደች። ነርሷን በእውነት ጠላኋት፤ የተናገረችው እውነት መሆኑን እያወቅሁ ጠላኋት። እናቴ የሰማችው ሌላ ነው። ሾተላይዋ ከሐኪም አቅም በላይ መሆኑ በመንግሥት ሆስፒታል ተረጋገጠላት።

ልጄ ያለ እናቴ ክርስትና ተነሣች። ቡሬ ልሂድ ስል እናቴ «ገና ነው» እያለች ትልክብኛለች፤ አማቴም «ሰምታለች እኮ፤ አይነሳም ተብላለች» ይሉኛል። እኔ ደሙን፣ ቂሙን፣ መርፌውን እየደጋገምሁ ሳስረዳ ወራት አለፉ። ልጄ ተቀመጠች፤ ዳኸች። እናቴ እስከዚያ ድረስ መልኳን አላየችም። በመጨረሻ ማስረዳቱን ተውሁት። አንድ ቅዳሜ ለማንም ሳልናገር ልጄን አዝዬ የቡሬ መኪና ላይ ወጣሁ።

አባቴ ማሳ ላይ ነበር። እናቴ ግቢው ውስጥ በርበሬ አስጥታ ታገላብጣለች። ስታየን ብድግ አለች፤ ለመሸሽ ብላ ወደ ጎተራው አፈገፈገች። እኔም ደክሞኝ ስለነበር ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ መሬት ላይ አስቀመጥኋት። ልጄ ሰው አትመርጥም። ቀይ ነገር ስታይ ትወዳለችና መጀመሪያ ወደ በርበሬው ዳኸች፤ ከዚያ ተወችውና ወደ እናቴ።

«ያዣት» አለችኝ እናቴ።

አልያዝኋትም። እናቴ ወደኋላ፣ ወደኋላ ስትል ጀርባዋ ጎተራው ላይ ተለጠፈ። መሄጃ አልነበራትም። ልጄ ቀሚሷን ጨብጣ ለመቆም ትታገላለች። እናቴ ሁለት እጆቿን ከፍ አድርጋ፣ እንዳትነካት ተጠንቅቃ፣ ቁልቁል ታያታለች። ከተወለደች ጀምሮ ያየቻት ገና አሁን ነው።

«ተወግታለች?» አለችኝ።

«ተወግታለች።»

«እሷ ራሷ? ወይስ አንች?»

«እኔም ተወግቻለሁ፤ እሷም ተወግታለች።»

«የቱ ላይ?»

ሄጄ የልጄን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰብሁት። ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ግራ ክንዷ ላይ፣ ትንሽ ቀላ ያለ ምልክት አለ። እናቴ ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። በበርበሬ የተነካ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገችው፤ ከዚያ በአንድ ጣቷ ምልክቱን ነካችው። ልጄ አላለቀሰችም።

ባለፈው ሰሞን የተወጋችው የኩፍኝ ክትባት ነበር። የምን መርፌ ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኋትም። አነሳቻት።